ላትሩን ላይ ዲግሪው ስንት ነው?

አሽዶድ በረዶ የማታውቅ ከተማ ናት። ሜዲትራኒያን ባሕር ዳር ስለተቀመጠች በጥር ሌሊት እንኳ ብርዱ ዜሮ ድረስ መውረዱ ብርቅ ነው፤ ክረምቷ ዝናብ፣ ንፋስና ከባሕሩ ዳር የሚነሳ አሸዋ ነው። እዚህ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሰው በሰፈሩ አስፋልት ላይ አንድም ቀን ውርጭ ሳያይ ሊያረጅ ይችላል። ኢየሩሳሌም ግን 70 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው የምትርቀው። መንገዱ ካልተጨናነቀ ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም፤ በዚያች ሰዓት ውስጥ ከባሕር ጠለል ተነስተን ወደ 800 ሜትር ከፍታ እንወጣለን። አየሩ ደግሞ በየ100 ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ከአሽዶድ በ5 ዲግሪ ዝናብ የተነሳ አውቶቡስ ኢየሩሳሌም ሊገባ ሲል ካስቴል ኮረብታ አናት ላይ ዜሮን ሊያገኘው ይችላል። ሰማዩ ደጋ ሆኗል፤ ጎማችንና እጅ እግራችን ግን ገና ቆላ ናቸው።

የምነዳው አውቶቡስ ነው፤ ስለዚህ የማስበው ከኋላዬ ስለተቀመጡት ሰዎች ነው። በሥራው ከቆየሁ ወዲህ ያመንኩበት አንድ ነገር አለ። በሚያዳልጥ መንገድ ላይ መኪናው አንዴ ከተንሸራተተ በኋላ ለሹፌር ሙያ የሚቀረው ቦታ በጣም ጠባብ ነው። ሥራው የሚሠራው ቀደም ብሎ ነው፦ ከኩርባው በፊት፣ ከቁልቁለቱ በፊት፣ አንዳንዴም ገና ከጋራዥ ሳይወጣ። ፊልም ላይ የሚታየው መሪ ማሽከርከር ሰውን ያስደንቃል፤ ጎበዝ ሹፌር ግን የምለው ተሳፋሪዎቹ መንገዱ ማዳለጡን ሳያውቁ የሚያደርሳቸውን ነው።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ለቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ ይበልጥ የሚቀርበው በስግድ ምክንያት ነው። ስግድ ከዮም ኪፑር በኋላ በ50ኛው ቀን፣ ሔሽቫን 29 ይውላል፤ የእስራኤል ፓርላማ ክኔሴት በ2008 ባወጣው ሕግ የአገሪቱ በዓል ሆኗል። በፈረንጆቹ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ኖቬምበር ላይ ይገባል። ያን ዕለት ማለዳ ከአሽዶድ፣ ከአሽቀሎን፣ ከቂርያት ማላኪ፣ ከረሖቦት አውቶቡሶች ተነስተው ሽማግሌውንና ባልቴቷን፣ ወጣቱንና ሕፃኑን ጭነው ወደ ኢየሩሳሌም፣ ወደ አርሞን ሃናጺቭ ይወጣሉ። ነጫጭ ልብስ፣ የቄሶቹ ጃንጥላ፣ በየእግሩ ሥር የተቀመጠ የዳቦ ፌስታል። ትልልቆቹ ጾመኛ ናቸው፤ ከሰዓት በኋላ ነው የሚፈቱት። ኖቬምበር ላይ በረዶ የለም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ወሩ የበረዶ የቅርብ ዘመድ የሆነው የመጀመሪያ ዝናብ ወር ነው።

የመጀመሪያውን ዝናብ እዚህ ዮሬ ይሉታል። እስራኤል ውስጥ ከሜይ ወር ጀምሮ እስከ ኦክቶበር ጠብ የሚል ነገር የለም ማለት ይቻላል። በእነዚያ ወራት አስፋልቱ ላይ ከጎማ የተፋቀ ብናኝ፣ ከሞተር የተንጠባጠበ ዘይት፣ ናፍጣና አቧራ ሲከማች ይከርማል። አሽዶድ ላይ የባሕሩ አሸዋ ይጨመርበታል። ወደቡ ከ1965 ጀምሮ የሚሠራ ነው፤ ኮንቴይነር የጫኑ ተሳቢዎች ቀንና ሌሊት በ41 ቁጥር መንገድ ይወጣሉ ይገባሉ፣ እነሱም የየራሳቸውን ጠብታ ይተዋሉ። ከዚያ አንድ ቀን ካፊያ ይመጣል። ሰው የሚፈራው ዶፉን ነው፤ እኔ የምፈራው ካፊያውን ነው። ዶፍ ዝናብ መንገዱን ያጥበዋል፤ አንድ ሰዓት ያህል በደንብ ከጣለ በኋላ አስፋልቱ መልሶ ጎማ መያዝ ይጀምራል። ካፊያው ግን ዘይቱንና አቧራውን ለውሶ ይተወዋል፤ ለማጠብ አቅም የለውም። በተለይ መብራት ፊት ለፊትና አደባባይ ዙሪያ፣ መኪና ሁሉ ቆሞ የሚያንጠባጥብበትና ፍሬን የሚይዝበት ቦታ ላይ፣ መሬቱ ዓሣ የተጠረገበት ይመስል ያብረቀርቃል። ያን ቀን አደባባይ የምገባው ሰው በእግሩ በሚሮጥበት ፍጥነት ነው።

ከዶፉ ጋር የሚመጣው ሌላ ነገር ነው፦ ጎማው ውሃውን መጭመቅ ሲያቅተው ውሃው ላይ መንሳፈፍ። እዚህ ላይ የአውቶቡስ ሹፌር ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። የእኔ ጎማ እስከ 8 ባር ይነፋል፤ የትንሿ መኪና ጎማ ግን ከ2 ባር ትንሽ ቢያልፍ ነው። ጎማ በተነፋ ቁጥር ውሃውን የመሰንጠቅ ኃይሉ ይጨምራል፤ ስለዚህ ውሃ በተኛበት መንገድ ላይ በ90 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ቀድማ የምትንሳፈፈው ከፊቴ ያለችው ትንሽ መኪና ናት። እኔ መንገዱን ይዤዋለሁ ብዬ ልተማመን እችላለሁ፤ እሷ ግን ድንገት ዞራ ፊቷን ወደ እኔ ልታደርግ ትችላለች። ርቀት የምጠብቀው ለራሴ ጎማ ብቻ ሳይሆን ለእሷም ጎማ ነው። ጥርሱ ያለቀ ጎማ ከሆነማ የባሰ ነው። ብዙ አገሮች 1.6 ሚሊ ሜትር የጥርስ ጥልቀት ይፈቅዳሉ፤ ለክረምት ግን እኔ በዚያ ቁጥር አልስማማም፣ ከሕጉ ቀድሜ አስቀይራለሁ።

አዲስ ሹፌሮች ሲጠይቁኝ የማስረዳቸው እንዲህ ነው። ጎማው ከመሬት ጋር ያለው መያዣ አንድ እንጀራ ነው፤ ሦስት ሰዎች ይካፈሉታል፦ ፍሬን፣ መሪና ጋዝ። ደረቅ መንገድ ላይ እንጀራው ሰፊ ስለሆነ ሦስቱም አብረው ቢቀርቡ ይበቃቸዋል። መንገዱ ሲረጥብ እንጀራው ግማሽ ይሆናል። በረዶ ሲሆን ቁራሽ ይሆናል፤ ያን ጊዜ በአንድ ጊዜ መብላት የሚችለው አንዱ ብቻ ነው። ፍሬን የሚይዝ ሰው መሪ አይጠመዝዝም፤ መሪ የሚያዞር ሰው ጋዝ አይሰጥም። ከኩርባው በፊት ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ፍሬንህን ይዘህ ጨርስ፣ ከዚያ እግርህን አንሳና እጠፍ፣ መኪናው ሲቃና ብቻ ጋዝ ስጥ።

ቁጥሩ ከምክር ይልቅ ያስደነግጣል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፍሬን ከተያዘ በኋላ ደረቅ አስፋልት ላይ 14 ሜትር ያህል ሄዶ ይቆማል። እርጥብ አስፋልት ላይ 25 ሜትር፣ የተረገጠ በረዶ ላይ 50 ሜትር፣ ውሃ ረግቶ በረዶ በሆነበት ላይ ደግሞ ወደ 100 ሜትር ይደርሳል። ይህ ሹፌሩ አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ የሚያልፈውን ሌላ 14 ሜትር ሳይጨምር ነው። መልካሙ ነገር ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ርቀቱ ወደ ሩብ መውረዱ ነው፤ ያው በረዶ ላይ በ25 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 25 ሜትር ይበቃል። ከፍጥነት መቀነስ የሚበልጥ መሣሪያ እስከ ዛሬ አልተሠራም። ኤቢኤስ ጎማው እንዳይቆለፍና መሪው እንዲታዘዝ ያደርጋል፤ መሬቱ የሌለውን መያዣ ግን አይፈጥርም።

ወደ ዳገቱ እንመለስ። ከአሽዶድ በገደራ በኩል አድርገን ላትሩን ስንደርስ ሜዳው ያልቃል። አንድ ቁጥር መንገድ ሻዓር ሃጋይ ላይ በሸለቆው ውስጥ ይገባል፤ በ1948 ወደ ኢየሩሳሌም ስንቅ ሲያመላልሱ የተቃጠሉት ብረት ለበስ መኪኖች ማስታወሻ ሆነው ዛሬም መንገዱ ዳር ይታያሉ። ከዚያ እስከ ሾሬሽ ዳገት ነው፣ ጥቂት ይወርዳል፣ እንደገና ወደ ካስቴል ይወጣል፣ ከዚያ ወደ ሞጻ ቁልቁል ይንደረደራል፣ በመጨረሻም ወደ ከተማው መግቢያ ሽቅብ ይላል። ድሮ ሞጻ ላይ ሹፌር ሁሉ የሚፈራው ኩርባ ነበር፤ መንገዱ ሲታደስ ዋሻና ረጅም ድልድይ ተሠርቶለት ቀጥ ብሏል። ኩርባው በመቅረቱ ደስ ብሎኛል። ድልድይ ግን የራሱ ጠባይ አለው። ተራ መንገድ ከሥሩ አፈር አለ፤ አፈሩ የቀኑን ሙቀት ይዞ ያቆየዋል። ድልድዩን ግን ንፋስ ከላይም ከታችም ያገኘዋል፤ ስለዚህ ከዳርና ዳሩ አስፋልት ቀድሞ ይረጋል። ከዋሻው ደረቅ መሬት በሙሉ ልብ ወጥቶ ድልድዩ ላይ የሚገባ ሹፌር በአንድ ትንፋሽ ሁለት ዓይነት መንገድ ያገኛል።

በጣም አደገኛው በረዶ ነጩ አይደለም። ነጩን ሰው ያየዋል፣ ይፈራዋል። የሚገድለው አስፋልቱን የሚያሳየው ስሱ በረዶ ነው፤ እርጥብ መንገድ ይመስላል። እንዴት ይለያል? ጆሮና ዓይን አንድ ላይ መሥራት አለባቸው። እርጥብ መንገድ ላይ ጎማ ይጮኻል፣ ውሃው ከሥሩ እየተረጨ ሽሽ ይላል፤ ከፊት ያለው መኪና ከኋላ ጎማው የውሃ ብናኝ ያነሳል። መንገዱ አሁንም እርጥብ መስሎ እየታየ ያ ድምፅ ዝም ካለ፣ የፊተኛው መኪና ብናኝ ማንሳቱን ካቆመ፣ ያ ውሃ ውሃ መሆኑ ቀርቷል። እኔ በተለይ የማየው የግራ መስታወቴን ክንድ ነው። የሚነካኝ ንፋስ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው፤ በፊት ለፊት ጠርዙ ላይ ዝናቡ መውረዱን ትቶ ሻካራ ሆኖ መጣበቅ ከጀመረ አስፋልቱም ብዙ አይቆይም። ቀጥሎ የሚናገረው መሪው ነው። ሲከብድ የነበረው መሪ በድንገት በሁለት ጣት የሚዞር ከሆነ የፊት ጎማዎቹ መሬቱን ለቀውታል። ያን ጊዜ መሪውን ይበልጥ መጠምዘዝ ምንም አይረዳም፤ ጋዙን ቀስ ብሎ መልቀቅና መሪውን በትንሹ ወደ ቀጥታው መመለስ ነው፣ ጎማው መሬት እስኪያገኝ። ብርዱ ዜሮ አካባቢ ሲሆን በረዶው ላይ ስስ ውሃ ስለሚተኛ በጣም ያዳልጣል፤ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ያለ በረዶ የተሻለ ይይዛል። የኢየሩሳሌም በረዶ ደግሞ ሁልጊዜ የዜሮ በረዶ ነው ማለት ይቻላል።

የአውቶቡስ ሞተር ከኋላ ነው፤ ክብደቱም ከኋላ ነው። የኋላው ከተንሸራተተ ሹፌሩ ከፊት ጎማው ቀድሞ ስለሚቀመጥ ወገቡ ላይ የሚሰማው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ የሚያዳልጥ ቁልቁለት ላይ ሪታርደሩን፣ ማለትም የፍሬን ፔዳል ሳይረገጥ አውቶቡሱን የሚገታውን መሣሪያ፣ አጠፋዋለሁ። ደረቅ መንገድ ላይ ፍሬን የሚያድን ግሩም ነገር ነው፤ ግን የሚይዘው የኋላውን ገፊ ጎማ ብቻ ነው፣ በረዶ ላይ ጎማውን ቆልፎ ጀርባውን ሊያዞረው ይችላል። የተሳቢ ነጂዎች ይህን ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። ባዶ ተሳቢ ከጫነው የባሰ እንደሆነም ያውቃሉ፤ ክብደት የሌለው ጎማ ቶሎ ይቆለፋል፣ ተሳቢውም መጥቶ ከጎታቹ ጋር ይታጠፋል። በረዶ ቀን ባዶ ተሳቢ አጠገቤ ሲወርድ ካየሁ አሳልፈዋለሁ እንጂ ጎን ለጎን አልሄድም።

በ2013 ዲሴምበር የሆነውን የማያስታውስ የዚህ መንገድ ሹፌር የለም። በ12ኛውና በ13ኛው ቀን ኢየሩሳሌም ላይ ግማሽ ሜትር ያህል በረዶ ወረደ። አንድ ቁጥርና 443 ቁጥር መንገዶች ተዘጉ፤ እጅግ ብዙ መኪና ከነተሳፋሪው መንገድ ላይ ቀረ። ሠራዊቱ ብረት ለበስ እያወጣ ሰው አነሳ፤ ብዙዎች በከተማው መግቢያ ባለው በቢንያኔ ሃኡማ አዳራሽ አደሩ። ከዚያ ወዲህም በ2021 ፌብሩዋሪና በ2022 ጃንዋሪ በረዶ ጥሏል። ከ2013ቱ የተማርኩት ነገር መንገዱ የተዘጋው ሰው ሁሉ መንዳት ስላልቻለ አለመሆኑን ነው። ዳገት ላይ አንድ መኪና ሲያቅተው ከኋላው ያለው ይቆማል፤ የቆመ ደግሞ በረዶ ላይ እንደገና መነሳት አይችልም፤ በረዶ ጠራጊውም በመሃላቸው ማለፍ አይችልም። አንድ ሰው "እስቲ ልሞክረው" ብሎ መውጣቱ የመቶዎችን መንገድ ይዘጋል። አለመውጣትም የመንዳት ሙያ ክፍል ነው የምለው ለዚህ ነው። በረዶው ከጣለ በኋላ ያለው ሁለተኛው ሌሊት ይብሳል። ቀን ፀሐይ ወጥቶ ያቀልጠዋል፣ ሰው ተመስገን ይላል፣ ማታ ሰማዩ ጥርት ሲል የቀለጠው ሁሉ አስፋልት ላይ ይረጋል።

የእስራኤል ሕግ በክረምት የሚጠይቀው ጥቂት ነው። ከኖቬምበር 1 እስከ ማርች 31 ከከተማ ውጭ ባለ መንገድ ላይ በቀንም መብራት ማብራት ግዴታ ነው፤ ጥሩ ሕግ ነው። የክረምት ጎማ ግን እንደ ካናዳዋ ኬቤክ ግዴታ አይደለም፤ እዚያ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 ያለ ክረምት ጎማ መንዳት አይቻልም። ኮሎራዶ ውስጥ በአይ-70 ተራራ የሚያልፍ የጭነት መኪና ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ሰንሰለት መያዝ አለበት፤ አሜሪካ ከባድ መኪና የሚነዱ ወገኖቻችን ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል። የእኛ መኪኖች የሚሄዱበት የበጋ ጎማ ከ7 ዲግሪ በታች ሲሆን ይደድራል፤ በረዶ ባይኖር እንኳ መያዣው ይቀንሳል። ይህን የሚያውቅ የአሽዶድ ሹፌር ጥቂት ነው፤ አሽዶድ ላይ ማወቅ አያስፈልገውማ።

አገር ቤት ቢሆን ግን ሰው ከደጋው ጋር አብሮ ይኖራል። ከደባርቅ ወርዶ ሊማሊሞን የሚያልፍ ሹፌር ጉሙንም፣ ጭቃውንም፣ ጠጠር በረዶ አስፋልቱን ሲሸፍነውም ለምዶታል። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ በአንደኛው አፉ ፀሐይ፣ በሌላው አፉ ዓይን የማያሳይ ጉም ሊሆን ይችላል። ዓባይ በረሃን የሚወርዱ ነባር ሹፌሮች "በወጣህበት ማርሽ ውረድ" ይላሉ። ትክክል ነው፤ በረዶ ላይ ደግሞ አንድ ይጨመርበታል፦ ማርሹን ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት አስገባ፣ መሃሉ ላይ አትቀይር። የሊማሊሞ ሹፌር ያለው፣ የአሽዶድ ሹፌር የሌለው ነገር ችሎታ አይደለም፤ ፍርሃቱ ማለዳ አብሮት መነሳቱ ነው።

ከመንገዱ ይልቅ የሚከብደኝ አንዳንዴ ከኋላዬ ያለው ጥድፊያ ነው። ስግድ ቀን ካፊያ ሲጥል ፍጥነት ስቀንስ አንዲት እናት ከኋላ፣ "ልጄ፣ ምነው ተጎተትክ? ጸሎቱ ሊያመልጠን ነው!" ይላሉ። "እማማ፣ መሬቱ ዘይት ነው፤ ትንሽ ይታገሡኝ" እላለሁ። ከፊት የተቀመጡት ቄስ ዞር ብለው፣ "ተዪው፣ ይንዳ፤ እሱ የሚያየውን አንቺ አታዪም" ካሉልኝ ነገሩ ያበቃል። ቄስ በሌለበት ቀን ግን እኔው መናገር አለብኝ፤ በአክብሮት፣ ግን ሳላመነታ። ሌላው የምለምናቸው ነገር ወደ ሞጻ ስንወርድ እንዳይነሱ ነው። ደረስን ብሎ ፌስታሉን ለማውረድ የሚቆም ሰው አለ፤ ትንሽ ፍሬን ብነካ መጀመሪያ የሚወድቀው እሱ ነው። ጾመኛ ሽማግሌ አጥንቱ አይችልም።

ላትሩን ለእኔ የውሳኔ ቦታ ነው። ከዚያ በኋላ አውቶቡስ በቀላሉ የሚያዞርበት ቦታ ያንሳል። ከፍታው ከ200 ሜትር ጥቂት ያልፋል፤ ከላይ ያለው መንገድ ከዚያ በ600 ሜትር ያህል ይበልጣል፣ ማለትም ወደ 3 ወይም 4 ዲግሪ ይበርዳል። ስለዚህ ላትሩን ላይ ቴርሞሜትሩን አነባለሁ። 7 ከሆነ እሄዳለሁ። 5 ከሆነና የሚዘንብ ከሆነ ኢየሩሳሌም ለሚሠራ ሹፌር ወዳጄ ደውዬ አንድ ጥያቄ ብቻ እጠይቀዋለሁ፦ ሞጻ ድልድይ ላይ ጎማ ውሃ ይረጫል ወይስ ዝም ብሏል? 4 ወይም ከዚያ በታች ሆኖ የሚዘንብ ከሆነ አዞራለሁ፤ ፖሊስ መንገዱን እስኪዘጋ አልጠብቅም። ይህን ለተሳፋሪዎቼ የምነግራቸው ላትሩን ደርሰን ሳይሆን አሽዶድ ላይ በሩን ሳልዘጋ ነው፤ ከነቁጥሩ። መንገድ ላይ የሚነገር ውሳኔ ጭቅጭቅ ይወልዳል፤ ቀድሞ የተነገረ ቁጥር ግን የሁሉም ይሆናል። አሁን አሁን ገደራን ስናልፍ "ስንት ሆነ?" እያሉ ከኋላ የሚጠይቁኝ ራሳቸው ተሳፋሪዎቹ ናቸው።